ድምፁ ማንን ይከተላል? ያረጀ ፒክአፕ ሲያጓራና ሲንቀጠቀጥ

ያረጀ ፒክአፕ የሚነዳ ሰው የመኪናውን ድምፅ ለምዶታል። በሩ ያንኳኳል፣ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከሙት ንብርብር ብረቶች) ይንጫጫል፣ ዳሽቦርዱ ያጉረመርማል፤ ማንም ጉዳዬ አይለውም። አንድ ቀን ግን አዲስ ነገር ይጨመራል። ከወለሉ ሥር እምምም የሚል ጩኸት። ወይም ፍጥነቱ 80 ሲደርስ ወንበሩን የሚያነዝር ነገር። ራዲዮ ትዘጋላችሁ። መስኮት ትከፍታላችሁ፣ መልሳችሁ ትዘጋላችሁ። አጠገባችሁ የተቀመጠውን «ይሰማሃል?» ትሉታላችሁ። «ምኑ?» ይላል።

ከዚያ ግምቱ ይጀመራል። አንዱ ኩሽኔታ (ዘንግ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት) ነው ይላል፣ ሌላው ዲፈረንሻል፣ ሦስተኛው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ችግሩም እሱ ነው። አንዴ በግምት ዕቃ መቀየር ከተጀመረ ኪስ ይራቆታል፣ ድምፁ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ለመነሻ ግን ደካማ ነው። የፒክአፕ ሻሲ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ ብረት ነው። ከኋላ አክስል የተነሳ ድምፅ ሻሲውን ይዞ ይመጣና ከወንበራችሁ ሥር ይወጣል። ጆሮ እዚህ ላይ በቀላሉ ይሸወዳል። እኔ የምመርጠው ጥያቄ «ድምፁ ማንን ይከተላል?» የሚለውን ነው። የመኪናውን ፍጥነት? የሞተሩን ዙር? ወይስ እግራችሁን፣ ማለትም ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ የሚለዋወጠውን ጫና? ይህን መለየት መፍቻ አይጠይቅም፤ ጭር ያለ መንገድና ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ለማስታወስ ያህል፣ ኃይሉ የሚሄደው እንዲህ ነው። ሞተሩ ያዞራል። ፍሪሲዮኑ ይይዛል ወይም ይለቃል። ካምቢዮው ዙሩን ይቀንሳል፣ እንዳለ ያሳልፋል ወይም ይጨምራል። መኪናው በአራቱም ጎማ የሚጎትት ከሆነ ከካምቢዮው ጀርባ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል ሌላ ሳጥን አለ። ከዚያ ረጅሙ ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ዲፈረንሻሉ ይቀበልና ወደ ግራና ቀኝ አዙሮ ለጎማዎቹ ይሰጣል። ከካምቢዮው መውጫ ወደ ጎማዎቹ ያለው ሁሉ መኪናው ከተንቀሳቀሰ ይዞራል፤ ሞተሩ ምን እያደረገ እንደሆነ አያገባውም። ከካምቢዮው መግቢያ ወደ ሞተሩ ያለው ደግሞ መኪናው ቢቆምም ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይዞራል። የምርመራው ግማሽ ይህቺን ልዩነት መጠቀም ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ፤ አትሽሹ፣ ቀላል ነው። የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ነው እንበል። መኪናው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ጎማው በሰከንድ 11 ጊዜ ግድም ይዞራል። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ካርዳኑ የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ፣ ፒኞኑ፣ 10 ጥርስ ኖሮት እሱ የሚያዞረው ትልቁ ማርሽ፣ ኮሮናው፣ 41 ጥርስ ካለው (ስሙ ከበሽታው በፊት የነበረ ነው) ካርዳኑ ከጎማው 4.1 እጥፍ ይፈጥናል። በሰከንድ 47 ጊዜ ያህል፣ በደቂቃ ደግሞ 2,800 ገደማ መሆኑ ነው። ጥርሶቹስ? በሰከንድ 470 ጊዜ ያህል ይገጣጠማሉ።

እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በሰውነታችሁ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሰከንድ 11 የሆነውን እንደ መንቀጥቀጥ ትረዱታላችሁ፤ መሪው ይርገበገባል፣ ወንበሩ ይወዛወዛል፣ የውሃ ጠርሙሱ ውስጥ ማዕበል ይነሳል። 47ቱ እንደዚያ አይደለም። እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል፣ እግር ያደነዝዛል፣ የኋላ ማሳያ መስታወቱ ላይ ያለውን ምስል ያደበዝዛል። 470ው ጭራሽ ንዝረት መሆኑ ቀርቶ ድምፅ ሆኗል፤ ፉጨት ወይም እንጉርጉሮ። እንግዲህ መኪናው ቀስ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጎማና ቸርኬ ተመልከቱ። ንዝረቱ ቀጭንና ፈጣን ከሆነ ካርዳኑን ጠርጥሩ። ካፏጨ የጥርስ ጉዳይ ነው። በአራተኛ ማርሽ ብዙ ካምቢዮዎች ዙሩን እንዳለ ስለሚያሳልፉ፣ በዚያ ማርሽ የሞተሩና የካርዳኑ ዙር እኩል ይሆናል። እዚያ ላይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ ተጠንቀቁ።

ወደ መንገዱ እንውጣ። የጎማውን ንፋስ አስቀድማችሁ አስተካክሉ፣ ጭነት ቦታው ላይ የሚንኳኳ ነገር ካለ አውርዱ። ድምፁ የሚሰማበትን ፍጥነት ፈልጋችሁ ያዙት፤ 90 ይሁን። ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ ቀይሩና ፍጥነቱን እዚያው 90 ላይ አቆዩት። የሞተሩ ዙር ጨምሯል፣ የካርዳኑና የጎማው ግን ያው ነው። ድምፁ ካልተለወጠ ሞተሩና ፍሪሲዮኑ ከተጠርጣሪነት ወጡ። ከተለወጠ መኪናውን አቁማችሁ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ሞተሩን ወደዚያው ዙር ከፍ አድርጉት። ቆማችሁም ከተሰማ ካርዳኑና ዲፈረንሻሉ ነፃ ናቸው፤ ጉዳዩ የሞተር፣ የሞተር ማቀፊያ ጎማ ወይም ሻሲ የነካ የጭስ ቱቦ ነው፤ ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚለወጥ ከሆነ ግን ኋላ የምናየው የካምቢዮና የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። የጭስ ቱቦን አትናቁት። ማንጠልጠያው ተበጥሶ ብረት የነካ ቱቦ ስንት ጤነኛ ካምቢዮ አስወርዷል።

ቀጥሎ እግራችሁን ተጠቀሙ። በዚያው ፍጥነት መጀመሪያ ነዳጅ ስጡ፣ ከዚያ ፍጥነቱን ብቻ እንዲይዝ አድርጉ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ነዳጅ ስትሰጡ የዲፈረንሻል ጥርሶች በአንድ ፊታቸው ይገፋሉ፤ ስትለቁ ጎማው ሞተሩን ስለሚጎትት ጫናው ወደ ሌላኛው ፊት ይዞራል። ስለዚህ የጥርስ ድምፅ እግር ይታዘዛል። ስትሰጡ ያፏጫል፣ ስትለቁ ዝም ይላል፣ ወይም የተገላቢጦሽ። የጎማ ጩኸት ግን ለእግራችሁ ደንታ የለውም። ካስፈለገ ለጥቂት ሰከንድ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ እንዲንሸራተት ተዉት። ቁልፉን ግን በጭራሽ እንዳታጠፉ። መሪው ሊቆለፍ ይችላል፣ ፍሬኑም አጋዡን አጥቶ ይከብዳል።

በመጨረሻ መንገዱ ባዶ መሆኑን አይታችሁ መሪውን በዝግታ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አጠፍ አጠፍ አድርጉ። ወደ ግራ ስትሉ የመኪናው ክብደት በቀኝ ጎማዎች ላይ ይጫናል። በዚያ ጊዜ የሚብስ ጉርምርምታ ብዙውን ጊዜ የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ነው። ብዙውን ጊዜ ያልኩት ሁልጊዜ ስላልሆነ ነው። አስፋልቱም ሲለወጥ ጆሯችሁን ስጡ። ከሻካራው ወደ ለስላሳው ስትገቡ ድምፁ ከወረደ ወይም ጠባዩን ከቀየረ ጎማ ነው። ኩሽኔታና ዲፈረንሻል ከሥራቸው ያለው አስፋልት ምን እንደሆነ አያውቁም።

ይህን የጻፍኩት ተምሬ ነው። አንድ ጊዜ ከኋላ የሚያጓራ ፒክአፕ ነበረኝ። ጉርምርምታው ከፍጥነት ጋር ይጨምራል፣ እግር አይሰማም። ኩሽኔታ ነው ተባለ፤ እኔም አመንኩ፣ አስቀየርኩ። ድምፁ እንዳለ። ሁለተኛውንም ልቀይር ስል የፊትና የኋላ ጎማዎችን አለዋወጥኩ። ጩኸቱ ወደ ፊት መጣ። የጎማዎቹ ጥርስ ባልተስተካከለ መንገድ ተበልቶ ኖሯል። በእጅ ሲዳሰስ በአንድ በኩል ለስላሳ፣ በሌላ በኩል እንደ መጋዝ ይይዛል። የተቀየረው ኩሽኔታ እስካሁን መደርደሪያ ላይ አለ፤ ምንም አልነበረውም።

አሁን ካርዳኑ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በአሮጌ ፒክአፕ ላይ ብዙ ተንኮል ያለው እዚህ ነው። ስሙ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ጣሊያናዊ የሒሳብ ሰው ከጂሮላሞ ካርዳኖ የመጣ ነው። በዘንጉ ጫፎች ላይ መስቀል የሚመስል ብረት አለ፤ ክሮቼራ ይሉታል። አራቱ ክንዶቹ በመርፌ በሚመስሉ ቀጫጭን ኩሽኔታዎች ውስጥ ይቀመጣሉ። አክስሉ በጉድጓድ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ዘንጉ እየታጠፈ መዞሩን እንዲቀጥል የሚያደርገው ይህ መስቀል ነው።

ክሮቼራ ሊሞት ሲል ይናገራል። መጀመሪያ በእግር ጉዞ ፍጥነት ሲጥ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ልክ እንደ ወፍ። ግራሶው አልቆ መርፌዎቹ እየዛጉ ነው። ቀጥሎ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮን ስትለቁ «ቋ!» የሚል አንድ ምት ይመጣል። ከዚያ በኋላ ነው ንዝረቱ የሚከተለው። ከሥር ገብታችሁ ስታዩ በክሮቼራው ቆብ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ።

ንዝረት ሁሉ ግን ከተበላ ዕቃ አይመጣም። ክሮቼራ አንድ የተፈጥሮ ጠባይ አለው። ታጥፎ ሲዞር የሚቀበለውን ዙር በእኩል ፍጥነት አያስተላልፍም። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። እጥፋቱ 3 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ ኢምንት ነው። 10 ዲግሪ ሲሆን ወደላይና ወደታች 1.5 በመቶ ያህል ይደርሳል። 20 ዲግሪ ላይ 6 በመቶ ይሆናል። ይህን የሚያስታርቀው በሌላኛው ጫፍ ያለው ሁለተኛው ክሮቼራ ነው፤ የመጀመሪያው ያበላሸውን እሱ ያቃናል። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። የሁለቱ እጥፋት እኩል መሆን አለበት፤ ክሮቼራዎቹን የሚይዙት የዘንጉ ሁለት ሹካዎችም በአንድ መስመር መቆም አለባቸው።

ስለዚህ ዕቃው ሁሉ አዲስ ሆኖም መኪናው ሊነዝር ይችላል። ባሌስትራው ደክሞ ከወረደ፣ መኪናውን ከፍ ለማድረግ ከባሌስትራው ሥር ብሎክ ከተገባ፣ የካምቢዮው ማቀፊያ ጎማ ተጨፍልቆ ከወረደ እጥፋቱ ይዛባል። ካርዳኑ ተፈትቶ ሲመለስ ተንሸራታቹ ጫፍ (ዘንጉ እንዲረዝምና እንዲያጥር የሚያደርገው ባለጥርስ መጋጠሚያ) ከነበረበት ጥርስ ተዛንፎ ከገባ ደግሞ ሹካዎቹ ከመስመር ይወጣሉ። ለዚህ ነው «ንዝረቱ የጀመረው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ትልቅ የሚሆነው። ካርዳን ተፈትቶ በነጋታው ከሆነ መልሱን ይዛችኋል። ከመፍታት በፊት በቀለም ሁለት ምልክት ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ዘንጉን ስትመረምሩ ጭቃውን ጠርጋችሁ እዩት። ሚዛን ለመጠበቅ የተበየደች ትንሽ ብረት ወድቃ ከሆነ ብየዳው ምልክቱን ይተዋል። ድንጋይ መትቶት የተሰረጎደ ቱቦም ሚዛኑን ያጣል። የደረቀ ጭቃ ራሱ፣ ዘንጉ ላይም ሆነ በቸርኬው ውስጠኛ ጎን ከተጋገረ፣ ያንቀጠቅጣል። መኪናው ጭቃ ገብቶ በወጣ ማግስት የጀመረ ንዝረት መጀመሪያ የሚፈልገው ውሃ ነው።

ረጅም ፒክአፖች ላይ ካርዳኑ ለሁለት ተከፍሎ መሃሉ ላይ በጎማ በታቀፈ ኩሽኔታ ይንጠለጠላል። ይህ ማቀፊያ ጎማ ሲቀደድ ጠባዩ የታወቀ ነው። በተለይ ጭነት ይዛችሁ ስትነሱ ከሥር ድድድድ ይላል፣ ፍጥነት ስትይዙ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን ፍሪሲዮን ነው ይለዋል። ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት ዘንጉን በእጅ ወደላይ ገፍታችሁ ጎማውን እዩት።

ዲፈረንሻል ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ፉጨት ብቻውን ሞት አይደለም። ለዓመታት ያፏጨ ዲፈረንሻል ለዓመታት ሊያፏጭ ይችላል፤ የሚያስፈራው ለውጥ ነው፣ በተለይ ፉጨቱ ላይ ጉርምርምታ ሲጨመር። ያ የፒኞን ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። በተጠማዘዘ መንገድ ላይ ብቻ የሚሰማ ማንኳኳት ካለ ደግሞ፣ በሆዱ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ማርሾች አስቡ። ዘይቱን አውጡና በማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ላይ ያለውን እዩ። ግራጫ ለስላሳ ጭቃ የተለመደ ነው። በጣት የሚቆረቁር የብረት ፍንካች ግን የተለመደ አይደለም። ሁለተኛው ነገር፣ «ፒኞኑ ላልቷል፣ ዳዶውን ጠበቅ እናድርገው» የሚላችሁን ሰው አቁሙት። ብዙዎቹ ዲፈረንሻሎች ላይ ያ ዳዶ የኩሽኔታዎቹን ጫና በልክ የሚወስን ነው፤ በጉልበት ሲጠብቅ ለሁለት ቀን ዝም ያሰኝና ኩሽኔታውን ያቃጥላል።

ካምቢዮ ከሁሉም ግልጽ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ዜሮ ሆኖ የሚያጓራ፣ ፍሪሲዮን ስትረግጡ ዝም የሚል ከሆነ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ተቃራኒው፣ ስትረግጡ የሚጮህ ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ። በሁሉም ማርሽ የሚያጓራ፣ በአራተኛ ብቻ የሚረጋጋ ከሆነ ደግሞ ከታች ያለው ተጓዳኝ ዘንግ ነው። በአራተኛ ኃይሉ በቀጥታ ስለሚያልፍ ያ ዘንግ ጫና አይኖርበትም፤ ለዚህ ነው ዝም የሚለው።

ከሥር ለመግባት ስታስቡ ለአንድ ነገር አትቸኩሉ። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት አስቁሙ፣ ሻሲውን ወይም አክስሉን በብረት መቆሚያ አስደግፉ፣ ከዚያ ግቡ። ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ካርዳኑን በሁለት እጅ ወዲያና ወዲህ አዙሩት። ትንሽ ዙር መኖሩ ያለ ነው፤ በየጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ተደምሮ ነው። ክሮቼራው ላይ ግን ምንም መነቃነቅ አይፈቀድም። ያረጀ መኪና ሲነሳ የሚያሰማው ለስላሳ «ቋ» ብዙ ጊዜ የእነዚያ ክፍተቶች ድምር ነው፣ አንዳንዴም የደረቀ ተንሸራታች ጫፍ። ግራሶ ብቻ ዝም የሚያሰኘው ጊዜ አለ። ጎማውን ከፍ አድርጋችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፣ ከዚያ በእጅ አዙሩት። የተበላ ኩሽኔታ ሲዞር ሻካራነቱ እጅ ላይ ይታወቃል። ሞተር አስነስቶ ጎማ በአየር ላይ ማዞር ግን ሊፍት ላለው ባለሙያ ተዉት። ለአደጋው ብቻ አይደለም፤ አክስሉ ሲንጠለጠል እጥፋቱ ስለሚለወጥ የሌለ ንዝረት ሊፈጠር ይችላል።

መኪናው በአራት ጎማ የሚጎትት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ዕድል አላችሁ። የፊት ካርዳኑን አውልቃችሁ በኋላው ብቻ ንዱት። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ፊት ነው። የፊት ጎማ መቆለፊያዎቹ የሚከፈቱ ዓይነት ከሆኑ ካርዳን ማውለቅ ሳያስፈልግ እነሱን ከፍቶና ዘግቶ ማነጻጸር ይቻላል። ደረቅ አስፋልት ላይ የፊቱን አስገብታችሁ ስትታጠፉ የሚመጣው መጎተትና መዝለል ግን ብዙ ፒክአፖች ላይ ብልሽት አይደለም። የፊትና የኋላ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ የሚጓዙት ርቀት ስለሚለያይ ዘንጎቹ ይጠማዘዛሉ፤ ያ የፊት መጎተቻ ለጭቃና ለአሸዋ ነው።

የትኛው ይቆያል፣ የትኛው አይቆይም? የጎማ ጩኸት ጎማው ለሌላ አደጋ እስካልደረሰ ይቆያል። የቆየ የዲፈረንሻል ፉጨት ዘይቱ ካልጎደለ ይቆያል። የጎማ ኩሽኔታ ከሆነና ከአጭር ጉዞ በኋላ የአንዱ ጎማ እምብርት ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ፣ ፍሬን ይዞ እንዳልሆነ አረጋግጡና ረጅም መንገድ አትውጡበት። ክሮቼራው ከተነቃነቀ ደግሞ ጭራሽ አትንዱት። የኋለኛው ከተሰበረ ዘንጉ ከኋላ ይጎተታል፣ ያገኘውን ይመታል። የፊተኛው ከተሰበረ ግን የዘንጉ ጫፍ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፣ መኪናውም ወደፊት እየሄደ ነው።